ሞኒተሩ ይለካል፣ ነርሷ ታረጋግጣለች

ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ዘመዱን የጠየቀ ሰው ራስጌው ላይ ያለውን ስክሪን ሳያይ አይወጣም። መስመሮች ይዘላሉ፣ ቁጥሮች ይለዋወጣሉ፣ ድንገትም ይጮኻል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል አስታማሚው ይደነግጣል፤ ከፍ ሲል «ተመስገን» ይላል። ነርሷ ግን ሌላ ነገር ላይ ናት። ስክሪኑ እየጮኸ የታካሚውን ጣት ትጫናለች፣ ጎንበስ ብላ የሽንት ከረጢቱን ታያለች፣ አልጋው አጠገብ የታሰረች ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ነገሩን የማያውቅ ሰው «ማሽኑ እየጮኸ ምን ትነካካለች?» ቢል አይፈረድበትም።

እነዚያ ትንንሽ ሥራዎች ግን የክትትሉ ዋና ክፍል ናቸው። ማሽን ግፊትን ይለካል እንጂ የለካው ትክክል ይሁን አይሁን፣ ለዚህ ታካሚ ይብቃው አይብቃው አያውቅም። ይህን ለይቶ የሚያውቀው አልጋው አጠገብ የቆመ የሠለጠነ ሰው ነው። ቀንም ሌሊትም ከታካሚው የማይለየው ደግሞ ነርስ ነው።

ምን እየተለካ ነው?

የክትትሉ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ ኦክስጅን የያዘ ደም ወደ አንጎል፣ ወደ ኩላሊትና ወደ ሌሎቹ የሰውነት ክፍሎች በበቂ መጠን እየደረሰ ነው ወይ? ይህ እንዲሆን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ልብ በደንብ መግፋት አለበት፤ በደም ቧንቧዎቹ ውስጥ በቂ ደም መኖር አለበት፤ ቧንቧዎቹም ከልክ በላይ መስፋት የለባቸውም። ፎቅ ላይ ውሃ አልወጣ ሲል ፓምፑ ደክሞ፣ ታንከሩ ጎድሎ ወይም መስመሩ ከልኩ በላይ ሰፍቶ ግፊቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ከላይ ቧንቧውን የከፈተው ሰው የሚያየው ያው አንድ ዓይነት ጠብታ ነው።

በሰውም እንዲሁ ነው። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ የልብ ጡንቻቸው የተጎዳ አዛውንት እና ኢንፌክሽን በደሙ የተሰራጨበት ወጣት ሦስቱም ግፊታቸው «80 በ40» ሊሆን ይችላል። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። እናቲቱ መድማቱ ቆሞላት ደም ማግኘት አለባት። አዛውንቱ ልባቸውን የሚያግዝ መድኃኒት ይሻሉ። ለወጣቱ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ሳይዘገይ ይጀመርለታል፤ የተመጠነ ፈሳሽና የሰፉትን ቧንቧዎች የሚያጠብ መድኃኒትም ያስፈልገዋል። ለእናቲቱ የሚበጀው ብዛት ያለው ፈሳሽ ለአዛውንቱ ቢሰጥ ሳንባቸው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ «ግፊቱ ወርዷል» ማለት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መልስ አይደለም።

ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከላይኛውና ከታችኛው ቁጥር ይልቅ ሦስተኛ ቁጥር ይበልጥ ይታያል። ስክሪኑ ላይ ብዙ ጊዜ በቅንፍ የሚቀመጠው አማካይ ግፊት ነው። ከላይኛው የታችኛውን ቀንሶ፣ የቀረውን ለ3 አካፍሎ፣ የታችኛው ላይ በመደመር በግምት ይገኛል። 120 በ80 የሆነ ሰው አማካይ ግፊቱ 93 ነው፤ 90 በ50 የሆነ ሰው ደግሞ 63። ኢንፌክሽን ባስከተለው የደም ዝውውር መውደቅ፣ ማለትም በሴፕቲክ ሾክ፣ ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ በመነሻነት የሚያስቀምጠው ግብ 65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። አስታማሚው «90 ደርሷል እኮ!» ብሎ ሲደሰት ነርሷ ፊቷ ያልፈታው 63ቱን አይታ ሊሆን ይችላል።

በምን ይለካል?

ቀላሉ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ነው። በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች ፅኑ ሕሙማን የሚታዩት በዋናነት በዚሁ ነው። ቀላል ነው ማለት ግን ጥንቃቄ አይሻም ማለት አይደለም። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ከተጠመጠመ ግፊቱን አጋኖ፣ ለቀጭን ክንድ ሰፊ ከተጠመጠመ አሳንሶ ያሳያል። የልብ ምት ሥርዓት ሲያጣ ወይም ግፊቱ በጣም ሲወርድ ይሳሳታል። በየ5 ወይም በየ15 ደቂቃው ስለሚለካም በመካከል የሆነውን አያይም።

ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ በእጅ አንጓ በኩል ደም ቅዳ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ባለሙያዎቹ «አርቴሪያል ላይን» ይሉታል። ግፊቱን በእያንዳንዱ የልብ ምት ያሳያል፤ ለላቦራቶሪ ደም ሲያስፈልግም ታካሚውን ደጋግሞ መውጋት ይቀራል። ሦስተኛው በአንገት ከፊት በጎን በኩል ወይም ከአንገት ግርጌ ካለው አግድም አጥንት በታች ገብቶ ጫፉ ልብ አጠገብ የሚደርስ «ሴንትራል ላይን» ነው። በዋናነት የሚያገለግለው ለጠንካራ መድኃኒቶች ነው፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ግፊትም ይለካል።

ቱቦ ወደ ልብ የማድረስ ሐሳብ ያለ ነርስ ትብብር አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1929 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀርመን አገር ኤበርስቫልደ ከተማ ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም በክንድ በኩል ልብ ድረስ ቱቦ ማስገባት እንደሚቻል ለማሳየት ፈለገ፤ አለቃው ግን ከለከለው። የመሣሪያዎቹ ኃላፊ ጌርዳ ዲትሰን የተባለች ነርስ ነበረች። እሷም በራሷ ላይ እንዲሞክር ፈቀደች። ፎርስማን አልጋ ላይ አስተኝቶ አሰራትና ቱቦውን ሳታውቅ ወደ ገዛ ክንዱ አስገባ። ከዚያ ፈትቷት አብረው ወደ ራጅ ክፍል ሄዱ፤ ቱቦው ልቡ ውስጥ መሆኑም በፊልም ተረጋገጠ። በ1956 ከሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ።

በ1970 ደግሞ ስዋን እና ጋንዝ የተባሉ የሎስ አንጀለስ ሐኪሞች ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለውና ከደሙ ጋር እየሄደ የሳንባ ደም ቧንቧ የሚደርስ ቱቦ ይፋ አደረጉ። መሣሪያው በየሆስፒታሉ ተስፋፋ። በኋላ እንግሊዝ አገር ከ1,000 በላይ ታካሚዎችን ያሳተፈና በ2005 የወጣ ጥናት ቱቦው በመግባቱ ብቻ የሞት መጠን እንዳልቀነሰ አሳየ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መለካት በራሱ አያድንም። የሚያድነው በተለካው ላይ የሚወሰደው ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ እሱም ልኬቱ ትክክል ከሆነ።

ቁጥሩ እውነት ነው?

ያቺ ከፍ ዝቅ የምትደረግ የፕላስቲክ ዕቃ ትራንስዱሰር ትባላለች፤ በቱቦው ውስጥ ያለውን የፈሳሽ ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ትቀይራለች። ትክክል የምትለካው ከልብ እኩል ከፍታ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። ከልብ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ብትወርድ ግፊቱን በ7 ወይም በ8 ነጥብ አብዝታ፣ ያንኑ ያህል ብትወጣ አሳንሳ ታሳያለች።

እንበል፣ የአንድ አዛውንት እውነተኛ አማካይ ግፊት 60 ነው። አንሶላ ለመቀየር አልጋው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደረገ፤ ትራንስዱሰሯ ግን ምሰሶው ላይ ባለችበት ቀረች። ስክሪኑ አሁን 67 ይላል። በአዛውንቱ ላይ የተሻለ ነገር የለም፤ ከፍ ያለው አልጋው ነው። ይህን ያላየ ሰው 65 አልፏል ብሎ መድኃኒቱን ሊቀንስ ይችላል። ነርሷ «አባባ፣ አንዴ ደረትዎን ልይ» ብላ በአራተኛውና በአምስተኛው የጎድን አጥንት መካከል ያለውን ቦታ በጣቷ ትፈልጋለች፤ ከዚያ ወደ ጎን ሄዳ በደረታቸው ውፍረት አጋማሽ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት ታደርጋለች። ትራንስዱሰሯን ከምልክቱ እኩል ታስተካክልና መስመሩን ለአየር ከፍታ ስክሪኑ ዜሮ ማለቱን ታረጋግጣለች። ቁጥሩ ወደ 60 ይመለሳል። ተረኛው ሐኪም የሚጠራው አሁን ነው።

ከቁጥሩ ሌላ የሞገዱን ቅርፅም ታነባለች። ጤናማ ሞገድ ሽቅብ ይወጣና ሲወርድ መሃል ላይ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ወይም የረጋ ደም ካለ ሞገዱ ይደነዝዛል፤ ላይኛው ቁጥር ከእውነቱ ያንሳል፣ የታችኛው ይበልጣል። ይህን ለመለየት ነርሷ ፈሳሹን ለአፍታ በኃይል ለቃ ታቆማለች። ሞገዱ አንዴ ሁለቴ ተወዛውዞ ወደ ወትሮው ከተመለሰ መስመሩ ደህና ነው።

መስመሩ ድንገት ጠፍጣፋ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ታካሚው ነው። ዓይኑን ገልጦ የሚያይ፣ ሲጠሩት «አቤት» የሚል ሰው ልቡ አልቆመም፤ የተጣመመ ቱቦ ወይም የተነቀለ ሽቦ ይኖራል። መልስ ከሌለና የአንገት ምት ከጠፋ ግን ስክሪኑ ምንም ይበል ምን ነፍስ የማዳን ሥራው ወዲያው ይጀመራል።

ገላው ምን ይላል?

ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህ ግፊት ለዚህ ሰው ይበቃዋል? መልሱ ያለው ገላው ላይ ነው።

አንደኛው ምልክት ሽንት ነው። ደም በበቂ የደረሰው ኩላሊት በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ያወጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ነርሷ በየሰዓቱ ከረጢቱን የምታየውና የምትመዘግበው ለዚህ ነው። ሁለተኛው አእምሮ ነው፤ ሲመልስ የነበረ ሰው መቃዠት ወይም መፍዘዝ ከጀመረ አንጎሉ ደም እያነሰው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ቆዳ ነው። ነርሷ የጣቱን ጫፍ ገርጥቶ እስኪታይ ተጭና ትለቅና ቀለሙ እስኪመለስ ትቆጥራለች። ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ደሙ ዳር አልደረሰም ማለት ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መገርጣትና መዥጎርጎር ቶሎ ስለማይታይ ጥፍር ሥር፣ ከንፈር ውስጥና መዳፍ ይታያሉ፤ የጉልበትና የእግር ቅዝቃዜም በእጅ ይዳሰሳል። የጥፍር ቀለም ካለ የጣት ኦክስጅን መለኪያውንም ስለሚያውክ ይለቀቃል።

ይህ የጣት ምርመራ መሣሪያ የሌለው ምስኪን ዘዴ ተደርጎ መታየት የለበትም። በደቡብ አሜሪካ አገሮች በ424 የሴፕቲክ ሾክ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2019 የወጣ ጥናት ሕክምናውን በጣት ቀለም መመለስ የመሩትን፣ በደም ውስጥ ባለ ላክቴት መጠን ከመሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በ28 ቀን ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 34.9 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 43.4 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የመጀመሪያው በርግጥ ይበልጣል ለማለት አላበቃም፤ ያለ ወጪ በየግማሽ ሰዓቱ የሚደገም ምርመራ ከላቦራቶሪው ጎን መቆም እንደሚችል ግን አሳየ። በ2021 የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያም ከሌሎች መለኪያዎች ጋር አብሮ እንዲታይ ሐሳብ አቅርቧል።

«ግሉኮስ ይጨመርለት»

አስታማሚ ብዙ ጊዜ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። ግሉኮስ ተብሎ የሚጠራው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጉልበት የሚሰጥና የማይጎዳ ሆኖ ይታያል። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከባድ ትኩሳት የያዛቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት በ2011 ታትሟል። በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ውስጥ በ48 ሰዓት የሞቱት ከ10 በመቶ በላይ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ዛምቢያ ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን (ሴፕሲስ) ይዟቸው ግፊታቸው በወረደ አዋቂዎች ላይ የተደረገውና በ2017 የወጣው ጥናትም ብዙ ፈሳሽ ባገኙት ላይ ሞቱ ከፍ ብሎ አግኝቶታል።

ይህ ማለት ፈሳሽ አይሰጥ ማለት አይደለም፤ ተቅማጥ ያደረቀው ወይም ደም የፈሰሰው ሰው ያለ እሱ አይተርፍም። ጉዳዩ ማን እንደሚጠቀም አስቀድሞ ማወቅ ነው። አንዱ ዘዴ ታካሚውን ጋደም አድርጎ ሁለቱንም እግሮች 45 ዲግሪ ያህል ማንሳት ነው። በእግር የነበረው ደም ለጊዜው ወደ ልብ ይመለሳል። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ልብ የሚረጨው ደም ከጨመረ ፈሳሽ ሊጠቅመው ይችላል፤ ካልጨመረ መጨመሩ ትርፉ ጉዳት ሊሆን ይችላል። እግሩ ሲወርድ ደሙ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ሙከራው ምልክት አይተውም። ፈሳሽ ሲሰጥም ነርሷ የገባውንና የወጣውን ትመዘግባለች፤ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሳንባው መንቆርቆር ከጀመረ ቆም አድርጋ ታሳውቃለች።

ቱቦው ራሱ ሲጎዳ

ቧንቧ የሚያጠቡት መድኃኒቶች፣ በተለይ ኖርአድሬናሊን፣ በደም ውስጥ የሚቆዩት ለደቂቃዎች ነው። ሲሪንጁ አልቆ አዲስ እስኪዘጋጅ ብቻ ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ነርስ ቀጣዩን ሲሪንጅ አስቀድማ ቀድታ፣ ስም፣ መጠንና ሰዓት ጽፋበት ታስቀምጣለች። በዚያ መስመር ሌላ መድኃኒት አትገፋም፤ ውስጡ ያለው ኖርአድሬናሊን በአንዴ ገብቶ ግፊቱን ያንረዋልና።

የእጅ አንጓው ቱቦ ቢፈታ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ እጁ ከብርድ ልብስ በላይ ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያ ድምፁም አይዘጋም። በዚያ ቱቦ መድኃኒት ቢሰጥ ጣት እስከማሳጣት ሊደርስ ስለሚችል በቀይ ምልክት ይለያል። ነርሷም የጣቶቹን ሙቀትና ቀለም ደጋግማ ታያለች።

ከሁሉም የሚፈራው ኢንፌክሽን ነው። የጆንስ ሆፕኪንሱ ሐኪም ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቹ በሚሺጋን ግዛት 103 ፅኑ ሕሙማን ክፍሎች የሠሩት ሥራ በ2006 ሲታተም ዓለምን አስገርሟል። የተደረገው አምስት ነገር ነበር፦ እጅ መታጠብ፣ ሴንትራል ላይኑ ሲገባ ታካሚውን ሙሉ በሙሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ከተቻለ የብሽሽት ቦታን መተው፣ የማያስፈልገውን ቱቦ ወዲያው ማውጣት። አንድ ደረጃ ከተዘለለ ነርሷ ሐኪሙን የማስቆም ሥልጣን ተሰጣት። ቱቦ በታካሚዎች ላይ በቆየባቸው በየ1,000 ቀናቱ በአማካይ 7.7 የነበረው የደም ኢንፌክሽን በ18 ወር ውስጥ ወደ 1.4 ወረደ። አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ ማሽን አልተገዛም። በየዕለቱ ርክክብ ላይ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነርስ ያለበት ክፍል የዚህን ሥራ ፍሬ ያገኛል።

አስታማሚው ምን ያድርግ?

ሲገቡም ሲወጡም እጅ መታጠብ፣ ቱቦና ማሽን አለመንካት፣ የሚጮኽ ስክሪን በገዛ እጅ አለመዝጋት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ነርሷ ቁጥር እያስተካከለች ወይም መድኃኒት እየቀየረች ሳለ ጥያቄ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ይሻላል። ጊዜ ስታገኝ «ሲስተር፣ ከትናንት ምን ተለወጠ? የግፊት መድኃኒቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ብሎ መጠየቅ «ስንት ሆነ?» ከማለት የበለጠ ያስረዳል። ግፊቱ ሳይለወጥ መድኃኒቱ ከቀነሰ ታካሚው እየተሻለው ነው፤ ያው ግፊት የቆመው መድኃኒቱ እየተጨመረ ከሆነ ግን ነገሩ ገና አልተረጋጋም።

ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው መረጃም አለ። ለዓመታት የደም ግፊት በሽታ የነበረበት ሰው አካሉ ከፍ ያለ ግፊት ስለለመደ 65 ላይበቃው ይችላል። በፈረንሳይ ተደርጎ በ2014 የወጣ ጥናት እንዲህ ባሉ ታካሚዎች ላይ ግቡ ከ80 እስከ 85 ሲደረግ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ማነሳቸውን አሳይቷል። ስለዚህ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የክትትል ካርዱንና በደህናው ጊዜ ግፊቱ ስንት ይሆን እንደነበር ገና በመጀመሪያው ቀን ለነርሷ መንገር ያስፈልጋል። ለዚያ ታካሚ ትክክለኛውን ግብ ለመወሰን ሐኪሙም ነርሷም ያንን ቁጥር ይፈልጉታል፤ ሞኒተሩ ውስጥ ደግሞ የለም።